ዱቄት የሚሳብ ኢንሄለር ለማን ይሆናል?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ በሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧን የሚያጠብ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም) እና በአስም ሕክምና ላይ በችኮላ የሚታለፍ አንድ ነገር ላንሳ፦ ዱቄት የሚሳብ ኢንሄለር ለየትኛው ሕመምተኛ ይስማማል?

ፓፍ የምንለው ኢንሄለር መድኃኒቱን የሚገፋ ጋዝ አለው። ዱቄት የሚሳበው ግን ይህ ጋዝ የለውም። መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ ከትልልቅ የላክቶስ (የወተት ስኳር) ቅንጣቶች ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል፤ የሚያላቅቀው ሰውየው የሚስበው አየር ብቻ ነው። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር የሆነው ነው፤ ከዚያ የሚተልቀው አፍና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ደግሞ ትርፉ የአፍ ፈንገስና የጎረነነ ድምፅ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዱቄት ኢንሄለሮቹ ብሪዝሄለር የሚባለው አየር በቀላሉ ያስገባል፤ ዲስከስ ጠበቅ ይላል፤ ቱርቡሄለር ይብሳል፤ ሃንዲሄለር ከአራቱም ይጠብቃል። «ታዲያ ለደከመ ሰው የላላውን ስጡት» ማለት ይቀናናል። ግን በጠባብ መንገድ የሚያልፍ ትንሽ አየር ዱቄቱን ለመበተን የሚበቃ ጉልበት ያገኛል። ሃንዲሄለር በደቂቃ 20 ሊትር እንኳ ይሠራል፤ ለቱርቡሄለር ቢያንስ 30 ያስፈልጋል፣ 60 ቢሆን ይመረጣል። ስለዚህ «ስንት ሊትር ሳበ?» ብቻውን ጥያቄ አይሆንም። ኢንቼክ የተባለው መለኪያ ካለ መደወያውን በሚታዘዘው መሣሪያ ጥበት ልክ አዙሩና አስስቡት።

መለኪያ ከሌለስ? ጆሮ አለ። ሃንዲሄለር ሲሳብ ውስጡ ያለው የዱቄት ካፕሱል መንቀጥቀጡ ሊሰማ ይገባል። ከአንድ ካፕሱል ሁለቴ ተስቦ ዱቄቱ ካልወጣ፣ ወይ ትንፋሹ አልበቃም ወይ ካፕሱሉ በደንብ አልተበሳም። ጣታቸው በቁርጥማት የታሰረ ሰዎች ካፕሱሉን ማውጣትም መብሳትም ይቸግራቸዋል። ካፕሱሉን የሚውጠውም አለና በግልጽ ተናገሩ።

አሳሳቡም ይለያል። ፓፍ በዝግታ ይሳባል፤ ቱርቡሄለርና ዲስከስ ግን ከመጀመሪያዋ ቅጽበት በኃይል፣ ከዚያ ትንፋሽ እስከ 10 ሰከንድ ይያዛል። ሁለቱን ዓይነት ላንድ ሰው ማዘዝ እኔ አልወድም፤ ያንዱን ልማድ ወደ ሌላው ይወስደዋል። ከመሳቡ በፊት አየሩን የሚያስወጣው ፊቱን ከመሣሪያው አዙሮ ነው፤ እርጥበት ዱቄቱን ያጓጉላል። ቱርቡሄለርንና ዲስከስን ማጠብ የለም፣ ወጥ ቤት እንፋሎት አጠገብ ማስቀመጥም የለም። ቱርቡሄለር ሲነቀነቅ የሚንኳኳው እርጥበት መጣጩ ነው፤ መድኃኒት ቀርቷል ማለት አይደለም።

ደህና ሲሆን የበቃው ትንፋሽ ሕመሙ ሲነሳ ላይበቃ ይችላል። ለዚያ ቀን የአየር ቧንቧን ቶሎ የሚከፍተው ሳልቡታሞል ፓፍ ከስፔሰር (ፓፉ ላይ ከሚገጠም ባዶ ቱቦ) ጋር ቤት ውስጥ ይኑር። ስፔሰር ካልተገኘ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ታችኛው ጫፍ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳል፣ ዙሪያው በፕላስተር ይታሸጋል፣ ሕመምተኛው በላስቲኩ አፍ ይስባል።