30 ሴኮንድ ዝምታ፦ ፊልም ትምህርት ቤት ምን ይማሩበታል?

ብሩክ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ከደብረ ብርሃን ነው፤ ዛሬም ጋቢ ደርበን ነው የተቀመጥነው። ርዕሳችን ፊልም ትምህርት ቤት ምን ይማራሉ የሚል ነው። ማሂ ተምራዋለች፣ እኔ ጠያቂ ነኝ። በካሜራ ነው አይደል የሚጀመረው?

ማህሌት፦ ካሜራው ይቆይ። መጀመሪያ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ የሆነውን ልንገርህ።

ብሩክ፦ አያትሽ ቤት የቀረጻችሁትን?

ማህሌት፦ አዎ፣ የመመረቂያ ፊልማችንን። የድንጋይ ቤት ነው፣ ግድግዳው ወፍራም። ሰባት ሆነን ገባን። ቀረጻው አለቀና ድምፅ የምትቀዳው ልጅ «ሩም ቶን!» አለች። ማንም ሳይናገር የቤቱን ድምፅ ብቻ መቅዳት ማለት ነው። ቢያንስ 30 ሴኮንድ።

ብሩክ፦ የዝምታ ድምፅ?

ማህሌት፦ ዝም ያለ ቤት የለም እኮ! ንፋሱ አለ፣ እሳቱ አለ። ኤዲት ስታደርግ ንግግር ቆርጠህ ካወጣህ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። በዚህ ነው የምትሞላው። በቃ፣ ሰባታችንም ቀጥ አልን። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። አያቴ ከጓዳ ብቅ አለች። አየችን። ጀበናዋን አስቀመጠችና ነጠላዋን ማዘቅዘቅ ጀመረች!

ብሩክ፦ ውይ! መርዶ መስሏቸው?

ማህሌት፦ «ማን ነው? ማን ሞተብኝ?» አለች። እጇ ይንቀጠቀጣል። አቅፌ እስካስረዳት ድረስ እኔም አለቀስኩ።

ብሩክ፦ ሲያሳዝኑ! እሺ፣ ወደ ርዕሳችን... ይሄ ሁሉ ዩቲዩብ ላይ አለ እኮ። ስልክ ያለው ልጅ...

ማህሌት፦ ቆይ፣ ርዕሱ እሱ ነው! ኩሌሾቭን ታውቀዋለህ? እ.ኤ.አ. በ1919 ሞስኮ ላይ በተከፈተው የፊልም ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነው። የአንድ ተዋናይ ፊት ወሰደ፣ ምንም የማይነበብበት ፊት። ከሾርባ ምስል ጋር አስከትሎ ሲያሳየው ተመልካቹ «ርቦታል» አለ። ከሬሳ ሣጥን ምስል ጋር ሲያሳየው «አዝኗል» አለ። ፊቱ ግን ያው ነው! አያቴም እንዲሁ። እኛ ዝም ብለን ቆምን እንጂ አላዘንንም። ሐዘኑን ያመጣችው እሷ ናት። ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ የሰማሁት ነገር ያኔ ገባኝ።

ብሩክ፦ ታዲያ ያስተማሩሽ አያትሽ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ አይደለም።

ማህሌት፦ ባልማር ኖሮ መች አየው ነበር! የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ እንኳ አሜሪካ፣ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊልም ተምሯል፣ ስንት ዓመት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ዩቲዩብ «ይሄ ትዕይንት አልሆነም፣ ድገመው» ይልሃል?

ብሩክ፦ እሱስ አይልም። ግን ክፍያው አለ። የሌለው ልጅ በስልኩ ይጀምር ነው የምለው።

ማህሌት፦ ይጀምር! ስልክ አልጠላሁም። ግን «አልሆነም» የሚለው ሰው ይፈልግ።

ብሩክ፦ ካሜራውን ሳንነካው ሰዓታችን አለቀ። የዝምታው ቅጂ አለሽ?

ማህሌት፦ ስልኬ ላይ አለ። ለሁለተኛ ጊዜ ስንቀዳ አያቴ ራሷ ጀበናውን ከእሳት አወረደች፣ ዶሮዋን አስወጣች፣ «በሉ ቅዱ» አለች። ስማ።

(30 ሴኮንድ)

ብሩክ፦ መጨረሻ ላይ እፎይ የሚለው ምንድን ነው? ንፋስ?

ማህሌት፦ አያቴ ናት። ትንፋሿን ይዛ ነበር።