ሃይላንድ የያዘው ልጅ

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ እናቶች፣ አባቶች፣ እንደምን አደራችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ በጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ አንድ ልጅ አገኘሁ። ቢበዛ 11 ዓመት ቢሆነው ነው። በእጁ ሃይላንድ ይዟል። ውሃ መስሎኝ ነበር፤ ክዳኑ ስላልጠበቀ ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ። አረቄ ነው። «አባዬ ልኮኝ ነው» አለኝና ሮጠ።

እኛ መጠጥ ሲነሳ የምናወራው ስለ ሰካራሙ ብቻ ነው። ሽማግሌ እንልክበታለን። ጸበል እንወስደዋለን። ከጸበል ሲመለስ ግን ከታክሲ መውረጃው እስከ ቤቱ ጣሳ የተሰቀለበት ስንት በር እንደሚያልፍ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቆጥሬያለሁ። ሰባት። ግሮሰሪዎቹን ሳልጨምር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ብሆን ሦስተኛው ላይ እገባለሁ።

ሕግማ አለ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። የቢራ ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። የዚያን ልጅ ሃይላንድ የሞላው ግን የጎረቤታችን እጅ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥ ፊትዝሮይ ክሮሲንግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ ያሉ የአቦርጂናል ሴቶች ቀብር ሰለቻቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ተነሱ። መጠጥ ቤቱ ይዘጋ አላሉም። ከቀላል ቢራ በቀር መጠጥ ተገዝቶ ወደ ቤት እንዳይወሰድ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። መኪና አስነስቶ ሌላ ከተማ እየሄደ የሚገዛ አልጠፋም፣ አልደብቃችሁም። ድብድቡና ሰክሮ ተጎድቶ ሆስፒታል የሚመጣው ሰው ግን ቀነሰ።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። አረቄ በሃይላንድ ከቤት አይውጣ። ለልጅማ ጭራሽ። በጠዋትም በር አይከፈት።

አረቄ የምትሸጠው እህታችን ጠላታችን አይደለችም። በዚያች መለኪያ ነው ሦስት ልጆች ያስተማረችው። የዕድር መዋጮ አስተጓጉላ አታውቅም። ሥራ ልቀይር ካለች ለምጣድና ለጤፍ መነሻ የሚሆን ከዕድሩ ካዝና እናበድራት።

አምና ይህን ሐሳብ ሳቀርብ እሷን አላማከርኳትም፤ ከሽፎ ቀረ። ዘንድሮ አብረን ቁጭ ብለን ነው የጻፍነው። ሰዓቱ ላይ ግን አልተግባባንም። እኔ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት አይከፈት እላለሁ፤ እሷ 8 ሰዓት ትላለች። ማይኩን ልስጣትና ምክንያቷን ከራሷ ስሙ።