ያቺ «እሺ»

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ስለ ቤት ኪራዩ አወራለሁ ብዬ ነበር፤ ለሌላ ቀን ይቆየን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለ ነገር አለ።

ሚጡን ለዘጠኝ ወር ክትባቷ ይዣት ሄጄ ነበር። የኩፍኙን። ማክሰኞ ጠዋት ነው። ካርዱን እማዬ በላስቲክ ጠቅልላ ሰጥታኛለች፤ የእማዬን ላስቲክ ታውቁታላችሁ። ከፊቴ አንዲት ሴት ነበረች፣ ልጇን አዝላ። ጫማዋ ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። ሲስተሯ ካርዷን አየችና «ሐሙስ ነይ፤ ለሁለት ልጅ አልከፍተውም» አለቻት። ሁለተኛዋ የእኔዋ ናት። ሴትየዋ «ሐሙስ ሥራ ላይ ነኝ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ምን ላድርግልሽ የኔ እናት?» አለቻት። «እሺ።» በቃ። ካርዱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ያቺ «እሺ» ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ብትቆጣ፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ለመደችው ማለት ነው? ወይስ ጉልበት አልነበራትም? አላውቅም። እኔም እኮ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሐሙስ መምጣት እችላለሁ፤ ስለዚህ ዝም አልኩ።

በኋላ ጠይቄ ተረዳሁ። የኩፍኝ ክትባት ዱቄት ነው። በፈሳሹ ከተበጠበጠ በኋላ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው። ከዚያ ይደፋል። አንዱ ብልቃጥ ደግሞ ለ10 ልጅ የሚሆን ነው። ለሁለት ልጅ ከከፈተችው ስምንቱ ሊባክን ይችላል። ሲስተሯን ክፉ ናት ልል አልችልም። መድኃኒት አባከንሽ ብትባል የምትጠየቀው እሷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለአንድ ልጅም ቢሆን ክፈቱት ነው የሚለው። ብልቃጥ ይተካል፣ ልጅ አይተካም። ይህን ውሳኔ ለአንዲት ነርስ ትከሻ መተው ተገቢ ነው? አገር የሚባለው ነገር እዚያች ክፍል ውስጥ የት ነበር?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለጤናና ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ገንዘብ የመመደብ ግዴታ አለበት ይላል። ግዴታ ነው የሚለው፣ ችሮታ አይደለም። እንግዲህ የተደፋውን ክትባት ዋጋ ማን ይክፈል ቢባል፣ ያቺ ሴት በአንድ ቀን ደሞዟ አይደለም።

ደግሞ ፍትሐዊ ልሁን። በ1982 ዓ.ም. አካባቢ ከ1000 ልጆች 200 ገደማ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ጥናት 59 ደርሷል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያክስቴ ልጅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፣ ገጠር። የክትባቱን ሣጥን በትከሻዋ አንጠልጥላ ቤት ለቤት ትዞራለች። በረዶው ሳይቀልጥ ለመድረስ እንደምትሮጥ ስትነግረኝ... እንዲህ ያሉ ሴቶች ናቸው ያን ቁጥር ያወረዱት። እነሱን ሳስብ እኮራለሁ። ያው ጥናት ግን ክትባታቸውን ሙሉ በሙሉ የወሰዱት ከ100 ልጆች 43ቱ ናቸው ይላል። እንዲህ በ«እሺ» የተመለሱት ስንት ይሆኑ?

እማዬ ስነግራት ዝም አለች። ታናሽ ወንድሟ በኩፍኝ ነው የሞተው። ስለሱ አውርታን አታውቅም። ማታ ላይ ቡና እያፈላች ድንገት «ፀጉሩ ዞማ ነበር» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ሚጡን ከእጄ ወሰደቻትና ስኒዎቹ ሳይነሱ አደሩ።

ሐሙስ ሄድኩ። ልጆቹ ስምንት ነበሩ። ብልቃጡ ተከፈተ፣ ሚጡ ተከተበች፣ አለቀሰች፣ ወዲያው ረሳችው። እኔ በር በሩን ነበር የማየው። ሁለት ልጅ የሚበቃ ክትባት ብልቃጡ ውስጥ ቀርቷል። እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጥኩ። አልመጣችም። ሌላ ጤና ጣቢያ ወስዳው ይሆናል። እንደዚያ እያልኩ ነው ራሴን የማጽናናው።

ስሟን እንኳን አልጠየቅኋትም። ልጇ ቢጫ ኮፍያ ነበረው። የሚጡ ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወሯ ነው። ለእሱም እኩል ቀን ይደርሳቸዋል መሰለኝ፣ እኩያ ናቸውና። ያኔ ምናልባት ማክሰኞም ሐሙስም እሄድና... እንጃ። ቆይ፣ ሚጡ ነቃች።