ዕረፍት ስንወጣ መስመራችንን ማን ይይዝልናል?
(በአሜሪካ የምንሠራ ሐበሻ የገጠር ፖስተኞች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የዚህን ሥራ ድካም ከእኛ ጋር የምትሸከሙ ባለቤቶቻችንና ልጆቻችን፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀላቀላችሁን ተተኪ ፖስተኞች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ጉባኤያችንን እሑድ ላይ ያደረግነው መደበኛ ደብዳቤ የማይታደልበት ቀን በመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ አዳራሹን ዘወር ብላችሁ ብታዩ የጎደሉ ሰዎች አሉ። ከተተኪዎቻችን ብዙዎቹ በዚህ ሰዓት የእሑድ ጥቅል ዕቃ እያደረሱ ነው። የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 የአማዞንን ዕቃ በእሑድ ማድረስ ከጀመረ ወዲህ የተተኪ ሰንበት የሥራ ቀን ሆኗል። ዛሬ የምናገረው በአብዛኛው ስለእነርሱ ነውና በሌሉበት መነገሩ ያሳዝነኛል። የተገኛችሁት ላልተገኙት እንድታደርሱልኝ አደራ እላለሁ።

የዓመቱን የሥራ ክንውን ጸሐፊያችን፣ ሒሳቡን ሒሳብ ሹማችን ያቀርቡላችኋል። እኔ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ልቆይ። የገጠር መስመር፣ ማለትም በየቀኑ ዞሮ ፖስታ የሚያድልበትን መንገድ የያዘ ፖስተኛ ዕረፍት ሲወጣ፣ ሲታመም፣ ለቅሶ ሲደርስበት መስመሩን ማን ይይዝለታል?

በዚህ ዓመት ከደረሱኝ ስልኮች አብዛኞቹ የደመወዝ ጥያቄ አልነበሩም፤ የፈቃድ ጥያቄ ነበሩ። አንድ ወንድማችን የእናቱን ማረፍ በሌሊት ተረዳ። ጠዋት ፖስታ ቤት ሄዶ ሲናገር ያገኘው መልስ «እናዝናለን፣ መስመርህን የሚያውቅ ሰው ግን የለንም» የሚል ነበር። ለሠልስቱም አልደረሰም፤ አገር ቤት የተገኘው ለአርባው ነው። አንዲት እህታችን ደግሞ ፋሲካን ከወላጆቿ ጋር ለመዋል ትኬት ከቆረጠች በኋላ ተተኪዋ ሥራውን ለቀቀ፤ ፈቃዱም ቀረ። ልጆቿ ሻንጣቸውን መልሰው ሲፈቱ ምን እንደተሰማት ነግራኛለች። እዚህ ልደግመው አልችልም።

መብታችን በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። ቋሚ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ 13 ቀን፣ ከዚያ እስከ 15 ዓመት ድረስ 20 ቀን፣ ከ15 ዓመት በላይ ካገለገለ 26 ቀን የዓመት ፈቃድ ያገኛል። ለከባድ ሕመም፣ ለወሊድ፣ የታመመ ቤተሰብ ለማስታመም እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ አለ፤ መስፈርቱን ላሟላ ሰው በዓመት እስከ 12 ሳምንት፣ ያለ ክፍያ፣ ሥራው ተጠብቆለት። ሕግ ግን ደብዳቤ አያድልም። ያንን ዕለት መኪናውን የሚያስነሣ፣ መንገዱን የሚያውቅ፣ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

በከተማ መስመር አንድ ሰው ሲቀር ሥራው ለባልደረቦቹ ተከፋፍሎ ሊሠራ ይችላል። የእኛ እንዲያ አይደለም። የገጠር መስመር እንደ አንድ ሙሉ ሥራ ተገምግሞ ሰዓቱም ክፍያውም የተተመነ ስለሆነ፣ ፖስተኛው ሲቀር መስመሩን እንዳለ የሚረከብ ሰው ይፈልጋል። ብዙዎቻችን የያዝነው «ኬ» የሚባለውን መስመር ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ይታደልበታል፤ አምስቱን እኛ እንሠራለን፣ ስድስተኛውን ተተኪው ይሠራል። ማለትም ተተኪው ለክፉ ቀን ብቻ የተቀመጠ ሰው አይደለም። የእያንዳንዱ ሳምንታችን አካል ነው። እርሱ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሄደው ሳምንታዊ ዕረፍታችን ነው፤ በዕረፍት ቀናቸው ለመሥራት የሚፈቅዱ ቋሚዎች በሚፈርሙበት ዝርዝር ላይ ስማችን ባይኖርም እንኳ ስልኩ ይደወላል። የዓመት ፈቃዱ ቀጥሎ ይሄዳል።

የገጠር ነጻ እደላ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1896 በዌስት ቨርጂኒያ ነው፤ አባቶቻችን አድዋ ላይ ድል ባደረጉበት በዚያው ዓመት። እስከዚያ ድረስ ገበሬው ደብዳቤውን ለማግኘት ከተማ መውረድ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1903 የገጠር ፖስተኞች ብሔራዊ ማኅበር ቺካጎ ላይ ተመሠረተ። ይህን የማነሣው የታሪክ ትምህርት ለመስጠት አይደለም። ያኔ ለገበሬው የተገባለት ቃል ፖስታው ደጃፉ ድረስ እንደሚመጣ ነበር። ማን እንደሚያመጣው አልተጠቀሰም። ቃሉ የሚጠበቀው እኛ ባለንበት ቀን ብቻ ከሆነ አልተጠበቀም ማለት ነው። በመስመራችን መጨረሻ ላይ የሚኖሩት አዛውንት፣ የጦር ጡረተኛ ከሆኑ የሐኪም ትእዛዝ መድኃኒታቸው በአብዛኛው የሚመጣላቸው በፖስታ ነው። እኛ አዲስ አበባ ሠርግ ላይ በምንጨፍርበት ሳምንትም ደማቸው ከፍ ይላል፣ ስኳራቸው ይዋዥቃል።

እንግዲህ ተተኪዎች ለምን ይለቃሉ? ዋስትና ያለው የሥራ ሰዓት የላቸውም። በአንዱ ሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ በሌላው ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። ማለዳ ተደውሎላቸው ይነሣሉ። ቋሚ ለመሆን የሚጠብቁት ጊዜ እንደየፖስታ ቤቱ ይለያያል፤ አንዳንድ ቦታ እጅግ ይረዝማል። በብዙ መስመሮች ላይ መኪናውም የራሳቸው ነው። ለሚነዱት ርቀት አበል ይከፈላል፤ ፍሬኑና ትራንስሚሽኑ ግን ከአበሉ ቀድመው ያልቃሉ። የደብዳቤ ሣጥኖቹ ከመንገዱ በስተቀኝ ስለሆኑ፣ ቀኝ መሪ መኪና መግዛት ያልቻለ ተተኪ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ይቀመጣል፤ በግራ እጁ መሪውን፣ በግራ እግሩ ፔዳሉን ይዞ፣ በቀኝ እጁ በመስኮት ያድላል። ወገቡ እንዴት እንደሚሆን ያደረጋችሁት ታውቁታላችሁ።

ይህን ሁሉ ማኅበራችን አይፈታውም። የሰው ኃይል መቅጠር የፖስታ አገልግሎቱ ኃላፊነት ነው፤ የውል ድርድሩ የብሔራዊ ማኅበሩ ነው፤ ፈቃድ አላግባብ የተከለከለ አባል ሳይውል ሳያድር የሠራተኛ ማኅበር ተወካዩን መጥራት አለበት። ነገር ግን በእጃችን ያለውን ሳንሠራ በእጃችን የሌለውን ብቻ ስንወቅስ መኖር አንችልም። በእጃችን ያለው ደግሞ ትንሽ አይደለም።

አንደኛው የመስመር ደብተር ነው። መስመሩን በጭንቅላቱ ብቻ የያዘ ፖስተኛ ራሱን የማይተካ ያደረገ ይመስለዋል። ያደረገው ግን ራሱን ማሰር ነው። ተተኪው ጠዋት ፖስታው በየአድራሻው በሚደረደርበት መደርደሪያ ፊት ሲቆም የሚያየው ከዓመት በፊት የለቀቁ ሰዎችን ስም ከሆነ፣ ቤታቸውን የቀየሩ ሰዎች አድራሻ በመዝገብ ላይ ካልሰፈረ፣ የእኛ የአንድ ሰዓት ድርደራ ለእርሱ ሦስት ሰዓት ይሆናል። በጨለማ ያድላል፤ ይሳሳታል፤ ነዋሪው ይቆጣዋል፤ ኃላፊው ይቆጣዋል፤ በሁለተኛው ወር ይለቃል። ከዚያ እኛ «ሰው የለም» እንባላለን።

ስለዚህ እያንዳንዱ አባል በመደርደሪያው ላይ አንድ ደብተር እንዲኖረው እጠይቃለሁ። ፖስታ ያዙልኝ ያሉ ቤቶች ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው፤ ይህ ጥያቄ እስከ 30 ቀን ስለሚደርስ ከተረሳ ብዙ ያስቀይማል። ውሻ ያለበት ቤት፣ ውሻው የት እንደሚታሰርና በሩ መቼ ክፍት እንደሚሆን። እኛን ለምዶ ጅራቱን የሚቆላ ውሻ ተተኪውን አያውቀውም፤ ይህ የደኅንነት ጉዳይ እንጂ የምቾት አይደለም። ከዝናብ በኋላ የማይታለፍ የጠጠር መንገድ፣ መኪና ማዞር የሚቻልበት ሜዳ፣ ስልክ የማይሠራበት ሸለቆ። እስከ ሣጥናቸው መሄድ ስለማይችሉ ዕቃቸው እስከ በር የሚደርስላቸው ሰዎች። በጸደይ ወራት የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን የሚመጣላቸው ገበሬዎች ስልክ፤ እነዚያ ጫጩቶች ያለ ምግብና ውኃ የሚቆዩት ለሦስት ቀን ያህል ብቻ ነው፣ ከዚያ ላይ አብዛኛው በመንገድ አልቋል፣ ስለዚህ አይታደርባቸውም። አዳዲስ የመኖሪያ መንደሮች ውስጥ ደግሞ የጋራ ሣጥኖቹ ቁልፍ የትኛው እንደሆነ። ደብተሩ የነዋሪውን ጉዳይ የያዘ ስለሆነ ከፖስታ ቤት አይውጣ፤ ፎቶውም በስልክ አይላክ።

ይህ ደግሞ ወደ ገቢያችን ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ላይ የዋለው የመስመር መመዘኛ የሥራችንን መጠን ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ በእጃችን በምንይዘው የመመዝገቢያ መሣሪያ፣ በስካነሩ ላይ የሚገባው ነው። መኪና መጫን የተጀመረበትና ያለቀበት፣ እስከ በር የተደረሰ ዕቃ፣ ሁሉም ካልተመዘገበ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ተተኪው በስካነሩ ላይ የትኛውን ቁልፍ መቼ እንደሚጫን ያላሳየነው ከሆነ በእርሱ ቀን የጠፋው ሰዓት ከመስመሩ ላይ የሚቀነስ ነው። ብዙ መስመሮች በዚያ መመዘኛ ሰዓት ሲያጡ አይተናል። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ይህ ግን በገዛ እጃችን ልንዘጋው የምንችለው ቀዳዳ ነው። ከተተኪው ጋር አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ አስተምሩት፤ የሥልጠናውን ሰዓትም ኃላፊው እንዲመዘግበው ጠይቁ። በነጻ አታስተምሩ፣ እርሱም በነጻ አይማር።

ሁለተኛው የበዓል ነገር ነው። በዲሴምበር የጥቅል ዕቃው ጫና ስለሚበዛ ፈቃድ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 መዋሉ እፎይታ ነው፤ ግን ሁላችንም ለዚያው ሳምንት እንረባረባለን። አንድ ፖስታ ቤት ውስጥ ሦስት አራት ሐበሻ ካለ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ላይም እንዲሁ። በደንቡ ቀዳሚነት ያለው በአገልግሎት ዘመን የሚበልጠው ነው፤ ይህን ማንም አይነካውም። ቢሆንም ታላቆቻችን በፈቃዳችሁ፣ ዘንድሮ ፋሲካን የወሰደ በመጪው ዓመት ለታናሹ እንዲለቅ እለምናለሁ። ዓመቱ ሳይጀምር ተነጋገሩ። የፈቃድ መጠየቂያውን ቅጽ 3971 በጊዜ ሙሉ፣ ቅጂውን ያዙ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የተፈረመበትን ወረቀት ዓይታችሁ እጃችሁ አስገቡ። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ኢድ የሚውልበት ቀን በየዓመቱ ቀደም እያለ ስለሚመጣና እርግጡ በመጨረሻው ስለሚታወቅ፣ በዚያን ቀን የእነርሱን መስመር ለመያዝ የምንችል በየፖስታ ቤታችን ኃላፊውን ቀድመን እናናግር። የእኛን ጥምቀት እነርሱ ሸፍነውልናል።

ሦስተኛው ሰው ማምጣት ነው። በየቤተ ክርስቲያናችንና በየመስጊዳችን ሥራ የሚፈልጉ፣ በቅርቡ የመጡ ወጣቶች አሉ። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሁለት ዓመት የመንዳት ልምድ፣ ንጹሕ የመንጃ ታሪክ ያለው ሰው የፖስተኛነቱን 474 ፈተና በኢንተርኔት መውሰድ ይችላል። አምጧቸው፣ ግን እውነቱን ንገሯቸው። ሰዓቱ እርግጥ አለመሆኑን፣ እሑዱን፣ መኪናውን፣ መጠበቁን። ሳያውቅ ገብቶ በወሩ የሚለቅ ሰው ማንንም አይጠቅምም። አውቆ የገባ ይቆያል፣ የቆየም ነገ ቋሚ ይሆናል።

ለመኪናው የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው አንድ ሐሳብ ይዞ ቀርቧል። ዕድራችን ለሐዘን የሚከፍለው እንዳለ ሆኖ፣ ከዓመታዊ መዋጮአችን የተወሰነ እጅ ተለይቶ፣ ያገለገለ ቀኝ መሪ መኪና ለሚገዛ ተተኪ አባል ያለ ወለድ ብድር ይሁን የሚል ነው። እኔ ከልቤ እደግፈዋለሁ። የምትቃወሙ እንዳላችሁም አውቃለሁ፤ «ተተኪው ነገ ቢለቅስ?» ትላላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ረቂቁ ስለ ዋስ የሚናገር አንቀጽ አለው፤ አንብባችሁ ተከራከሩበት።

እናንተ ተተኪዎች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስትታመሙ «ታምሜያለሁ» በሉ። ለብዙ ቀናት ያለ ዕረፍት ተሠማርታችሁ መሪ ላይ የምታንቀላፉ ከሆነ ለኃላፊው ንገሩ፣ ካልሰማ ለተወካዩ፣ ከዚያም ለእኔ ደውሉ። የእኛ ዕረፍት በእናንተ ድካም ላይ እንዲቆም አንፈልግም። ለዚህም ነው ከዛሬ ጀምሮ በሥራ አስፈጻሚው ውስጥ አንድ ወንበር በተተኪዎች ለተመረጠ ተተኪ እንዲሰጥ የምጠይቀው።

በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ሁለት መዝገቦች አሉ። አንዱ አዲስ ተተኪ በመስመሩ ላይ ይዞ ለማሠልጠን ፈቃደኛ የሆነ ቋሚ የሚፈርምበት፣ ሌላው በመጪው ዓመት ረዘም ያለ ፈቃድ የምትፈልጉበትን ወር የምትጽፉበት ነው። ከምሳ በፊት ሙሉልን፤ ከሰዓት በኋላ በየፖስታ ቤታችሁ ተከፋፍላችሁ ስትቀመጡ የምትነጋገሩት በዚያ ላይ ነው።

ጉባኤው ተከፍቷል። የመጀመሪያው አጀንዳ የመኪና ብድር ረቂቁ ነውና ሒሳብ ሹማችን ወደ መድረኩ ይምጡልን።