ችግኙ ከመገዛቱ በፊት ስሙ ይጣራ

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ከአዳማ ነው የማወራችሁ። ነፋሱ ማይክራፎኑ ውስጥ ከገባ ይቅርታ፤ መስኮት ዘግቶ ማውራት ደግሞ በዚህ ሙቀት አይሞከርም።

ክረምት ሲቃረብ እዚህ መንገድ ዳር ችግኝ በላስቲክ ተደርድሮ ይሸጣል። ሰዉ ቁመቱን ያያል፣ የቅጠሉን ልምላሜ ያያል፣ ዋጋ ይከራከራል። ስሙን ግን ሻጩ እንዳለው ይዞ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ለዓመታት ግቢ ውስጥ የሚቆም ነገር ከዋጋው በፊት ስሙ ይጣራ ባይ ነኝ። ስም ስል ባለ ሁለት ቃሉን ሳይንሳዊ ስም ማለቴ ነው፤ ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 መሠረት ያስያዘውን።

ይህን ያነሳሁት በኒም ምክንያት ነው። እህቴ ለግቢዋ ጥላ የሚሆናት፣ ለጎመኗም ተባይ ማባረሪያ የሚወጣው ዛፍ ፈለገች። ሻጩ «እትዬ፣ ይሄ ኒም ነው፤ መድኃኒት ነው» አላት። እኔ ቅጠሉን ገልበጥ አድርጌ ሳየው አላማረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ በኒም ስም የሚሸጡ ሁለት ዛፎች አሉ። ዋናው ኒም አዛዲራክታ ኢንዲካ ነው። ሁለተኛው ሜሊያ አዜዳራክ። የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ስማቸው እንኳ ይመሳሰላል። የኒም ቅጠል አንድ ዘንግ አለው፤ ትንንሾቹ ቅጠሎች ግራና ቀኝ በቀጥታ ዘንጉ ላይ ይደረደራሉ፣ ማጭድ መሰል ጎበጥ ያሉ፣ ጠርዛቸው መጋዝ የሆነ። የሜሊያ ዘንግ ግን እንደገና ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ትንንሾቹ ቅጠሎች የሚገኙት እነዚያ ቅርንጫፎች ላይ ነው። አበባውም የኒም ነጭ፣ የሜሊያ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነው።

ችግኝ ላይ አበባ የለማ! ስለዚህ ሻጩን «እናት ዛፉ የት ነው?» አልኩት። ደግ ሰው ነው፣ ከአጥሩ ጀርባ ወስዶ አሳየን። ቢጫ ድብልብል ፍሬ በዘለላ ተንጠልጥሏል፣ አበባው ሐምራዊ። ሜሊያ ነው። እህቴ «ታዲያ ምን ችግር አለው? ጥላ ከሆነ ጥላ ነው» አለች። ለጥላውማ ማለፊያ ነው፤ ግን ፍሬው መርዝ ነው፣ እሷ ግቢ ውስጥ ደግሞ ያገኙትን ሁሉ አፋቸው የሚከቱ ሕፃናት አሉ። ለተባይ የፈለገችው አዛዲራክቲን የሚባለው ንጥረ ነገርም የሚወጣው ከኒም ነው፣ በተለይ ከፍሬው። ችግኙን መለሰችው።

ጥድም እንደዚያው ነው። የሐበሻው ጥድ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ነው፣ የአገራችን ዛፍ። የፈረንጁ ጥድ ኩፕረሰስ ሉሲታኒካ። ሉሲታኒካ ሲባል የፖርቱጋል ይመስላል፣ የዛፉ አገር ግን ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ፍሬያቸውን እዩ፦ የሐበሻው ለስላሳ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፤ የፈረንጁ እንጨት የሆነ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ።

እንዴት ይጣራ ካላችሁ፣ ፎቶ አይቶ ስም የሚነግር የስልክ መተግበሪያ ጥቆማ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ያገኛችሁትን ስም የለንደኑ ኪው የዕፅዋት ተቋም በነፃ በከፈተው ድረ ገጽ ፈልጉት፤ «ፕላንትስ ኦፍ ዘ ወርልድ ኦንላይን» ይባላል። ስሙ አሁን የሚሠራበት ይሁን የቀድሞ፣ ተክሉ በተፈጥሮ የሚበቅልበት አገር የት እንደሆነ ይነግራችኋል። የአገራችንን ዕፅዋት በዝርዝር የያዘ «የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ» የሚባል ባለ ብዙ ቅጽ ሥራም አለ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር እጅ አለበት።

ስም ተቀይሮ ብታገኙ አትደንግጡ። የጥብስ ቅጠል ድሮ ሮስማሪነስ ኦፊሲናሊስ ነበር፣ ዛሬ ሳልቪያ ሮስማሪነስ ነው። ግራርን ካነሳን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ቪየና የተሰበሰቡት ሊቃውንት አካሲያ የሚለውን ስም ለአውስትራሊያዎቹ ስለሰጡት፣ የእኛዎቹ ቫኬሊያና ሴኔጋሊያ ተብለዋል። (እኔ በበኩሌ ይሄ ውሳኔ እስካሁን ያበሽቀኛል።) ድሮ የታተመ መጽሐፍ ይዛችሁ ከሆነ ሁለቱንም ስም ጻፉና ፈልጉ።

እህቴ አሁን ዋንዛ ልትል ነው፣ ኮርዲያ አፍሪካና። ቅዳሜ ሌላ ሻጭ ጋ እንሄዳለን፤ እናት ዛፉን ካላሳየን አንገዛም።