የአሊሳ ሕግ፦ የመምህሩ ጥሪ ፖሊስ ዘንድ እስኪደርስ

[በስክሪኑ ላይ፦ ፓርክላንድ፣ ፍሎሪዳ። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው]

ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2018። አንድ የታጠቀ ወጣት ማርጆሪ ስቶንማን ዳግላስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ 17 ሰው ገደለ። ከሟቾቹ አንዷ የ14 ዓመቷ አሊሳ አልሃዴፍ ነበረች።

በእነዚያ ደቂቃዎች ምን ሆነ? ተኩሱ የእሳት አደጋ ደወሉን አስነሳው። ደወሉን የሰሙ ተማሪዎች ደግሞ ከክፍል ወጡ። መደበቅ በነበረባቸው ሰዓት ኮሪደሩን ሞሉት። በሌላ በኩል፣ ከሞባይል ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 911 የደወሉ ልጆች ጥሪያቸው የገባው ጎረቤት ከተማ ኮራል ስፕሪንግስ ነው። የፓርክላንድ ፖሊስ ሥራ ግን የብሮዋርድ ካውንቲ ሸሪፍ ድርሻ ነበር። ስለዚህ ጥሪው እንደገና መተላለፍ ነበረበት። ልጅ እየደማ መስመር ይቀያየራል!

የአሊሳ እናት ሎሪ አልሃዴፍ የታገሉለት ሕግ ይህን መንገድ ለማሳጠር ነው። መምህሩ ቁልፍ ሲጫን ጥሪው ክፍሉ ውስጥ ሳይጮህ በቀጥታ ፖሊስ ዘንድ ይድረስ ይላል። ኒው ጀርሲ በ2019 አጸደቀችው። ፍሎሪዳ በ2020፣ ቴክሳስ በ2023 ተከተሉ።

[ምስል፦ ግድግዳ ላይ የተገጠመ ቁልፍ፣ የስልክ አፕ፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ባጅ]

ቁልፉ ግድግዳ ላይ ሊገጠም ይችላል። የስልክ አፕም አለ። እኔ ግን ቁልፍ ያለበትን የአንገት ባጅ እመርጣለሁ። እጅ ሲንቀጠቀጥ ስልክ ፈልጎ፣ ከፍቶ፣ አፕ ማግኘት ከባድ ነው። ባጁ ግን ሁሌም አንገት ላይ ነው።

በ2024 ጆርጂያ ውስጥ አፓላቺ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተኩስ ሲከፈት መምህራኑ እንዲህ ዓይነት ባጅ ነበራቸው። የተሰጣቸው ከሳምንት ገደማ በፊት ነው። ተጫኑት፣ ፖሊስም በደቂቃዎች ውስጥ ደረሰ። ያም ሆኖ ሁለት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ሞቱ። ቁልፍ ጥይት አያስቆምም። እርዳታው ግን ቶሎ እንዲመጣ ያደርጋል። ጆርጂያም በ2025 የራሷን ሕግ አወጣች።

ሕግ አውጪዎች ከቁልፉ እኩል ሊያስቡበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ቴክሳስ፣ ዩቫልዲ ከተማ፣ 2022። እዚያም አንድ ታጣቂ ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት ቤቱ የማስጠንቀቂያ አፕ ነበረው። ርዕሰ መምህሯ ማስጠንቀቂያ ለመላክ ሲሞክሩ ግን ዋይፋዩ አስቸገራቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ ፖሊስ በአካባቢው መኪና ባሳደደ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ይላክ ነበር። ብዙው ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። የቴክሳስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ እንዳለው፣ ሠራተኞቹ ማስጠንቀቂያውን ለመዱትና ቸል አሉት። በዚያ ቀን 19 ልጆችና ሁለት መምህራን ተገደሉ።

ስለዚህ ሕጉ «ቁልፍ ይገጠም» ብሎ ማቆም የለበትም። ዋይፋይ ሲጠፋ ጥሪው በምን ይሄዳል? የተጫነው የትኛው ክፍል እንደሆነ ፖሊስ ያያል? ለአንድ ቀን ብቻ ተተክቶ የሚያስተምረው መምህርስ ባጅ ይሰጠዋል? ልጅዎ የሚማርበት ትምህርት ቤት ስብሰባ ሲጠራ እነዚህን ሦስቱን ይጠይቁ።