ቃሉን ከነሥሩ ያዙት

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ የእንግሊዝኛ ክበብ አባላት፣ እንደምን ዋላችሁ!

ዛሬ ደብረ ማርቆስ የመጣሁት ረጅም ሐረግን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ስለ መተካት ልነግራችሁ ነው። ከፈተና ታውቁታላችሁ። «ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው» ሲል መልሱ «ኢሊትሬት» ነው። «ሊነበብ የማይችል የእጅ ጽሑፍ» ሲል ደግሞ «ኢሌጂብል»። ሁለቱ የሚምታቱበት ተማሪ ብዙ ነው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ያን ሁሉ ቃል በአንድ ሌሊት ስለሸመደደ ነው። ሽምደዳ ቃሉን ይሰጣችኋል፤ ልኩን ግን አይሰጣችሁም።

ብዙዎቻችሁ የገበሬ ልጆች ናችሁ። ቤት ያለውን የሰብል መድኃኒት ጠርሙስ አስቡት። እኛ ሁሉንም «ፀረ ተባይ» እንላለን። ጽሑፉ ላይ ግን «ሄርቢሳይድ» ካለ የሚገድለው አረም ነው። «ኢንሴክቲሳይድ» ካለ ነፍሳትን፣ «ፈንጊሳይድ» ካለ ፈንገስን። «ፔስቲሳይድ» የሁሉም የጋራ ስማቸው ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ሳይድ» ከላቲን የመጣች ናት፤ መግደል ማለት ነው። እሷን የያዘ ተማሪ «ሆሚሳይድ»፣ ማለትም ሰው መግደል፣ ሲመጣበት አይደነግጥም።

ይሄ ደግሞ ለማርክ ብቻ አይደለም። ጤፍ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የተባለው ሄርቢሳይድ ቅጠለ ሰፊ አረምን ይገድላል፣ ጤፉን ይተዋል። ድንች ወይም ባቄላ ላይ ከረጫችሁት ግን ሰብሉን ራሱን ያበላሸዋል፤ የእነሱም ቅጠል ሰፊ ነውና። ኢንሴክቲሳይድም አበባ ላይ ከተረጨ ንብን ከተባይ አይለይም።

ንብ ካነሳን፣ ንብ የሚረባበት ስፍራ «ኤይፒየሪ» ይባላል። ወፎች የሚጠበቁበት «ኤይቪየሪ» ነው። የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። የማር ንብ ሳይንሳዊ ስሟ «አፒስ ሜሊፌራ» መሆኑን ከባዮሎጂ ካስታወሳችሁ ግን አይምታታባችሁም። አፒስ በላቲን ንብ ነው።

እዚሁ ቅርባችን ደብረ ኤልያስ፣ የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃና ለሚባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ የሚሆን ቃል ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል። ግሱንና አገባቡን ሳያውቅ አያስገባውም። እንግሊዝኛውንም እንደዚያ ያዙት። ለፈተና የምትሸመድዱት የቃላት ዝርዝር ውስጥ ማንም የማይናገራቸው የፍርሃት ዓይነት ስሞችም አሉ፤ እለፏቸው።

ለሳምንት እያንዳንዳችሁ ቤት ካለ ካርቶን ወይም ጠርሙስ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ገልብጣችሁ ኑ። መድኃኒት ከሆነ በእጃችሁ አትንኩት፣ ጽሑፉን ብቻ እዩ። ትርጉሙን በረጅሙ ጻፉልን፤ ቃሉን ጓደኞቻችሁ ያገኙታል።

አመሰግናለሁ።